ጋሼ ቁልፍና ሁለቱ ደህንነቶች

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናገርና ልገላገል። እኔ የፍራሽ ፋብሪካ ጸሐፊ ነኝ። ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ ስልክ አነሣለሁ፣ የሠራተኛውን ፋይል እይዛለሁ፣ የውጭ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ አስተረጉማለሁ። እንግሊዝኛ ታውቃለች ይሉኛል፤ እኔም አላውቅም ብዬ አላውቅም። ሥራ አስኪያጃችን "ለጥበቃው የሹመት ደብዳቤ አዘጋጂለት፣ የደህንነት ኃላፊ በይው" ሲለኝ ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ከወር በኋላ የኢንሹራንስ ድርጅቱ አሠልጣኝ ላከብን። ሰውየው በእንግሊዝኛው "የሴፍቲ ኃላፊያችሁ ማነው?" ብሎ ሲጠይቅ፣ እኔ ዓይኔን ሳላሽ "የደህንነት ኃላፊያችሁ ማነው?" ብዬ ተረጎምኩ። ከኋላ ረድፍ ጋሼ ቁልፍ ብድግ አለ። ሸሚዙን ወደ ሱሪው ከተተ፣ ደረቱን ነፋ፣ ወደ ፊት መጣ። የለበሰው ጃኬት ጀርባ ላይ በትልልቅ ፊደል "ሴኩሪቲ" ተጽፏል።

ጋሼ ቁልፍ ያልነው እኛ ነን። እውነተኛ ስሙን የማውቀው ፋይሉን ስለምይዝ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ሃያ ሁለት ዓመት በር ላይ የቆየ ሰው ነው። ወገቡ ላይ አሥራ ሰባት ቁልፍ የያዘ ቀለበት ስለሚያንጠለጥል ሳናየው እንሰማዋለን። ማምሻውን ከሥራ ስንወጣ እያንዳንዱን በር ይቆልፍና ጓጉንቸሩን ሦስት ጊዜ ይጎትተዋል። ጥቂት ራመድ ይልና ደግሞ ተመልሶ አራተኛ ይጎትታል። "ሦስቱ ለድርጅቱ ነው፣ አራተኛው ለራሴ" ይላል። ቦርሳ ሲፈትሽ ዘመድ ባዳ አይልም፤ ሥራ አስኪያጁን ሳይቀር አንድ ቀን አስቁሞ የመኪናውን ኋላ አስከፍቶታል። አግብቶም ነበር። ሚስቱ "እኔን ካቀፍክበት ቁልፎችህን ያቀፍክበት ይበልጣል" ብላው ሄደች። ይህን የነገረን ራሱ ነው፤ ሲያወራውም ከእኛ ቀድሞ ይስቃል። እኔን "የኔ ልጅ" ይለኛል፤ ቦርሳዬን ግን አይምረውም።

አሠልጣኙ ቀጭን፣ ትዕግሥተኛ ሰው ነበር። ጋሼ ቁልፍን ከጎኑ አቁሞ ለሠራተኛው ሴፍቲ ምን እንደሚሠራ ጠየቀው። እኔ አሁንም ደህንነት አልኩ። ጋሼ ቁልፍ ቀለበቱን ፈታና ቁልፎቹን አንድ በአንድ ያሳይ ጀመር።

"ይቺ የስፖንጅ ክፍል የኋላ በር ናት። ይቺ የስፌት ክፍል። ይቺ የመጋዘኑ ጎን። በሥራ ሰዓት ከዋናው በር በስተቀር ሁሉም ድርግም ነው። ዝንብ እንኳ ሳታስፈቅደኝ አትወጣም።"

አሠልጣኙ ቁልፎቹን አየ፣ እሱን አየ። "ስፖንጅ ክፍሉ ውስጥ እሳት ቢነሣ ሰዎቹ በየት ይወጣሉ?"

"እኔን ይጠሩኛላ!" አለ ጋሼ ቁልፍ።

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። አሠልጣኙ ግን አልሳቀም። ዝግ ብሎ "ሴፍቲ ማለት ሴኩሪቲ ማለት አይደለም" አለ። እኔ ጎበዟ፣ ከኋላ ያሉትም እንዲሰሙ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ "ደህንነት ማለት ደህንነት ማለት አይደለም" ብዬ አረፍኩት።

ከዚያ ወዲያ ሳቁ በእኔ ሆነ። አንዷ የስፌት ክፍል ሠራተኛ "ኧረ ጸሐፊዋ፣ ምሳ ማለትስ ምሳ ማለት አይደለም እንዴ?" አለች። ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ። ለካ ሁለት ነገር በአንድ ቃል ጠቅልዬ ሰውየውን ሾሜዋለሁ።

ከዚህ በኋላ መተርጎሙን ትቼ ቃላቱን እንዳሉ መጥራት ያዝኩ። ደግሞም ሁለቱም ለሠራተኛው እንግዳ አይደሉም፤ ሴፍቲ ጫማ እንላለን፣ በር ላይ የሚቆመውን ሴኩሪቲ እንላለን። ልዩነታቸውን ግን ማንም አስቦበት አያውቅም። አሠልጣኙ ሰሌዳውን ለሁለት ከፈለው። በአንደኛው ወገን ማንም ክፉ ሳያስብ የሚመጣውን ጉዳት ጻፈ፦ እሳት፣ የተላጠ ሽቦ፣ የሚያዳልጥ ወለል፣ ጣት የሚበላ መቁረጫ። ያ የሴፍቲ ሥራ ነው። በሌላው ወገን ሰው አስቦና አቅዶ የሚያመጣውን ጻፈ፦ ሌባ፣ ዘራፊ፣ አጥር ዘላይ። ያ የሴኩሪቲ ነው። የመኪና ቀበቶ ከወዲህ፣ የባንክ ካዝና ከወዲያ። ብዙ ጊዜ ተስማምተው ይኖራሉ አለ፤ አንዳንዴ ግን አንድ በር ላይ ይጣላሉ፤ አንዱ ክፈት ሲል ሌላው ዝጋ ይላል።

ጋሼ ቁልፍ እጁን አወጣ። "እንግዲያ ሴፍቲ ሰውን ከዕቃ ይጠብቃል፣ ሴኩሪቲ ዕቃን ከሰው ይጠብቃል ማለት ነው?"

ተረጎምኩለት። አሠልጣኙ ፊቱ በራ፤ እንደዚያ ብሎ የነገረው ሰው አልነበረም መሰለኝ።

"ሁለቱ ሲጣሉ ማን ያሸንፋል?" አለ ጋሼ ቁልፍ ቀጥሎ።

"ከውስጥ ሰው ካለ ሴፍቲ ያሸንፋል።"

"ሁልጊዜ?"

"ሁልጊዜ። ከውስጥ ሰው ያለበት በር ከውጭ አይቆለፍም። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን።"

ጋሼ ቁልፍ ቆሌው ተገፈፈ። ሹመቱ ተነክቶበት ነው ብዬ አዘንኩለት። አሁን ሳስበው ሞኝነቴ ይገርመኛል።

ለዕረፍት ስንወጣ ደረጃው ላይ ጠበቀኝ። "የኔ ልጅ፣ አንድ ነገር ጠይቂልኝ። ስለ ፋብሪካው አይደለም፣ ስለ አንድ ሰው ቤት ነው በይው።"

"የማን ቤት?"

"የአንድ ሰው ነዋ።" ወዲያና ወዲህ አየ። "የእኔ ነው።"

እናቱ ከእሱ ጋር ይኖራሉ። ከሦስት ዓመት ወዲህ ነገር ይጠፋባቸዋል። መጀመሪያ መነጽራቸው ጠፋ፣ ከዚያ የሰው ስም፣ ከዚያ ቀኑና ዓመቱ። ባለፈው ክረምት እሱ ሥራ ላይ ሳለ ከቤት ወጥተው ቀሩ። ሁለት ቀን ሙሉ ከተማውን አገላብጦ ፈለጋቸው። የተገኙት ከወንዙ ማዶ፣ ድልድዩ ሥር፣ በባዶ እግራቸው፣ ዝናብ ሲመታቸው ነው። ሳምንት በሳንባ ምች ተኝተው በተአምር ተረፉ። የሚያስታምምለት ሰው ቢቀጥር እናቱ "ሌባ!" ብለው በሳምንቱ አባረሩበት። እህት የለው፣ ወንድም የለው። ከዚያ በኋላ አንድ የሚያውቀውን ነገር አደረገ። አንድ ጓጉንቸር ገዝቶ በሩን ከውጭ ይቆልፍባቸው ጀመር።

"እሳት የለም እኮ" አለኝ እጄን ይዞ። "ምድጃውን አውጥቻለሁ። ክብሪት እቤት አይገባም። ስወጣ ቆጣሪውን አጠፋለሁ። ውሃ አላት፣ ዳቦ አላት፣ የባትሪ ራዲዮ አላት። ማለዳ እንደተኛች ነው የምወጣው፤ ስመለስ ቁጭ ብላ አገኛታለሁ፣ ደህና ናት። ሌላ ምን ይመጣል? ምንም አይመጣም፣ አይደል?"

ምንም አይመጣም እንድለው ነበር የሚጠብቀው። እኔም በዚያን ቀን ስለ ራሴ ኀፍረት ነበር የማስበው። "ለጎረቤት አንድ ቁልፍ ስጥ ጋሼ፣ አለቀ!" ብዬው ወደ ክፍል ገባሁ። አሠልጣኙን አልጠየቅኩለትም። ይህም አንድ ጥፋት ነው፤ ከፊተኛው ጋር ይደመርልኝ።

በሁለተኛው ቀን ሲመጣ ዓይኑ ደም ለብሷል። እንዳልኩት ቁልፍ አስቀርጾ በግድግዳ ለምትዋሰነው ልብስ ሰፊ ሰጥቷል። ግን እንቅልፍ አልሰጠውም። ልብስ ሰፊዋ ገበያ ትወጣለች። ዘመድ ጥየቃ ትሄዳለች። ያን ሁሉ ይቅር ቢል ደግሞ ካውያ አላት።

"የእኔን ምድጃ አወጣሁ፤ የእሷን ካውያ ማን ያወጣዋል?" አለኝ። "ግድግዳው እኮ ጣውላ ነው።"

"ታዲያ አትቆልፈው፤ ክፍት ተወው።"

"ክፍት ብተወው ድልድዩ አለ።"

ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ቢዘጋው አንዱ ስጋት፣ ቢከፍተው ሌላው። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ይባላል፤ አንድ እናት ብቻ ስላለው ልጅ ምን እንደሚባል ግን የሰማሁት ነገር የለም።

በስልጠናው ላይ ጥያቄ ያበዛው እሱ ሆነ። ጭስ ሰውን በምን ያህል ጊዜ ይጥላል? ሽማግሌ ከሆነስ? ጣውላ ከስፖንጅ ቀድሞ ይያያዛል ወይስ በኋላ? ሠራተኛው "ሹመቱ ጠንክሮበታል" እያለ ይቀልድበታል። እኔ የአሠልጣኙን መልስ ስተረጉም የባሰውን እየዘለልኩ፣ የቀረውን እያለዘብኩ ነበር። ምን ዋጋ አለው፤ እሱ የሚያየው ፊቴን ነው። የምሳ ሰዓት ሲደርስ እንደ ወጣት ሮጦ ወጣ። ከፋብሪካው እስከ ቤቱ ሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። በመስኮት አይቷቸው፣ አልጋቸው ላይ ጋደም ብለው አግኝቷቸው፣ እህል ሳይቀምስ ላቡ እየተንጠፈጠፈ ተመለሰ። "ተኝታለች፣ ደህና ናት" አለኝ። በዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደገና "አሁንም ተኝታ ይሆናል፣ አይደል?" አለኝ። ሳልወድ በግዴ እኔም የማላውቃቸውን ሴትዮ በሃሳቤ መጠበቅ ያዝኩ።

በሦስተኛው ቀን ልምምድ ነበር። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ጡሩንባው ይጮኻል፣ ሠራተኛው የያዘውን ጥሎ ሜዳው ላይ ይሰለፋል፣ እኔ ስም እጠራለሁ። የጋሼ ቁልፍ ድርሻ ስድስቱን የኋላ በሮች በሁለት ደቂቃ ውስጥ ከፍቶ ከሁሉ መጨረሻ ሜዳው ላይ መገኘት ነው። ሥራ አስኪያጁ አኩርፏል። እነዚያ በሮች በሥራ ሰዓት ሲከፈቱ አይቶ አያውቅም።

ጡሩንባው ጮኸ። ጋሼ ቁልፍ በኮሪደሩ ሲሮጥ የቁልፎቹን ድምፅ ሰማሁ። አንዱን በር ከፈተ፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ጓጉንቸሮቹ አፋቸውን ከፍተው ተንጠለጠሉ። ሠራተኛው እየሳቀ፣ እየተገፋፋ በየበሩ ወጣ። አሠልጣኙ ሰዓቱን አይቶ አውራ ጣቱን ቀሰረልኝ፤ ሁለት ደቂቃ አልሞላም ነበር።

ሜዳው ላይ ስም ጠራሁ። መቶ አርባ ሦስት ስም ነው። መቶ አርባ ሁለቱ "አቤት" አሉ። የጋሼ ቁልፍን ስም ሁለት ጊዜ ጠራሁት፤ እውነተኛ ስሙን ማንም ስለማያውቅ ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ።

ሥራ አስኪያጁ ወደ ዋናው በር ሄዶ ፊቱ ቲማቲም መስሎ ተመለሰ። "በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል! ጥበቃ የለ፣ ምን የለ! ይሄ ነው ደህንነት?"

"የቱ?" አልኩት። አፌን ቶሎ ብይዘው በተሻለኝ ነበር።

አሠልጣኙ ወረቀቱን አይቶ፣ አንድ ሰው እስካልተገኘ ድረስ ልምምዱ አላለቀም አለ። ማንም ወደ ውስጥ አይመለስም። እሳት ቢሆን ኖሮ ያን አንድ ሰው ፍለጋ ሰው ወደ እሳት ይገባ ነበር አለ። ሥራ አስኪያጁ ወደ እኔ ዞረ። "አድራሻው ያንቺ ፋይል ውስጥ ነው። ሂጂ ፈልጊው። እንዳገኘሽው ደውይ። ይህን ሁሉ ሰው ፀሐይ ላይ አስቀምጬ አልውልም።"

አድራሻውን ማየት አላስፈለገኝም፤ ሁለት ቀን ሙሉ ሲነግረኝ የከረመው ያንኑ መንገድ ነው። ጫማዬ ለሩጫ አልተሠራም፤ ቢሆንም ሮጥኩ። ጡሩንባው ምን እንዳደረገው ገብቶኛል። የሁሉን ሰው በር ከፍቶ ሲጨርስ እጁ ላይ አንድ ቁልፍ ቀረው። አንድ ማዞሪያ ላይ ከዳቦ ቤት ጭስ ሲወጣ አየሁና ልቤ ቀጥ አለ። ዳቦ ቤት መሆኑን እያየሁም ልቤ አልተመለሰም። የፈሩት ይደርሳል የሚሉት አባባል ደግሞ በሩጫ ላይ ሳለሁ ነው ትዝ የሚለኝ። ምነው በደህና ቀን "ለጎረቤት ቁልፍ ስጥ" ብዬ ባልቀለድኩ!

ግቢው ጠባብ ነው፤ አራት በር ጎን ለጎን። ጭስ የለም። ጋሼ ቁልፍ በመጨረሻው በር ፊት ቆሟል። ቁልፉ በእጁ ነው። ጓጉንቸሩ እንደተቆለፈ ነው። አልከፈተውም።

"ጋሼ?" አልኩት።

እጁን አነሣና ዝም በይ አለኝ።

ያኔ ሰማሁት። ከውስጥ በሩ ይንኳኳል። ሦስት ጊዜ ይንኳኳል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ሦስት ጊዜ ይንኳኳል። ለረጅም ጊዜ ያንኳኳ ሰው እጅ ነበር፤ ችኮላ የለውም፣ ተስፋም አይቆርጥም።

"እናንተ ሰዎች፣ እባካችሁ ክፈቱልኝ" ይላል ድምፁ። "ልጄ ከትምህርት ቤት ወጥቷል። ብቻውን ነው። ከወንዙ ማዶ ነው ያለው፣ መንገዱን አያውቀውም። እባካችሁ። ትንሽ ልጅ እኮ ነው።"

የልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪና ድምፅ አቆመ። መስኮቷን ከፍታ ብቅ አለች፤ ጋሼ ቁልፍን በዚያ ሰዓት ስታይ ደነገጠች።

"ሁልጊዜ ነው?" አላት ወደ እሷ ሳይዞር።

ልብስ ሰፊዋ የአንገት ልብሷን ጫፍ ታፍተለትል ጀመር። "ሦስት ሰዓት ገደማ ነው የሚጀምሩት። እስከ ስድስት ሰዓት። ከዚያ ይደክማቸዋል። ምን ብዬ ልንገርህ ጋሼ? ሞተህ ነው ማታ የምትገባው። ቁልፍ ስትሰጠኝ ልነግርህ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ 'እሳት ካልተነሣ እንዳትከፍቺ' አልከኝ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት።"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ግቢው ሁሉ የሚያውቀውን እሱ አልሰማም ነበር፤ ማለዳ ሲወጣ ተኝተው ይተዋቸዋል፣ በምሳ ሰዓት ሲመጣ ደክሟቸው ያገኛቸዋል፣ ማታ ቁጭ ብለው ያገኛቸዋል። ደህና ናት ይላል። ከወንዙ ማዶ የሚባለው ትምህርት ቤት የእሱ ትምህርት ቤት ነበር፤ ከሃምሳ ዓመት በፊት። ባለፈው ክረምት "ጠፋች" ብሎ ከተማውን ሲያምስ፣ እሳቸው ለራሳቸው አልጠፉም፤ በዝናብ ወጥተው እሱን ሊያመጡት ነበር የሄዱት። ይህን የነገረኝ ማንም የለም። ከፊቱ ላይ አነበብኩት፤ ያነበብኩትን ግን ምነው ባላነበብኩ።

አለቀሰ። ሃምሳ ስምንት ዓመት የሞላው ሰው በራሱ ደጃፍ ቆሞ ድምፁን አፍኖ አለቀሰ፤ እኔም የምገባበት ጠፋኝ። ከዚያ ፊቱን በሴኩሪቲ ጃኬቱ እጅጌ ጠርጎ ጓጉንቸሩን ከፈተ።

እናቱ ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ነጭ ፀጉራቸው የተበጠረ ሴት ናቸው። የእሱን አሮጌ ሹራብ ደርበዋል። ጫማቸውን አጥልቀዋል፤ ግራና ቀኙ ተቀያይሯል። ቀና ብለው አዩት።

"እግዜር ይስጥህ፣ ወንድሜ" አሉትና በአጠገቡ አልፈው ወጡ።

እጃቸውን ይይዛል ብዬ ነበር። መልሶ ያስገባቸዋል ብዬም ነበር። ጎንበስ ብሎ ጫማቸውን አስተካከለላቸው፤ ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቀርቶ ተከተላቸው። እኔም ሌላ የማደርገው ስላልነበረኝ ተከተልኩ። በሩ ወለል እንዳለ ቀረ፤ አልጎተተውም፣ ወደ ኋላም አላየውም። እናቱ በመንገዱ ዳር ዳር ሄዱ፣ መኪና ሲመጣ ቆሙ፣ ተሻገሩ። ድልድዩ ድረስ አቅም አልነበራቸውም። አንድ የእንጨት መሸጫ አጠገብ ሲደርሱ ትልቁን የብረት በር አዩና ፊታቸው ተፈታ።

"ደረስኩ" አሉ። "ልጆቹ ገና አልተለቀቁም።"

በሩ ፊት ቆሙ። ጋሼ ቁልፍም ከጎናቸው ቆመ። እንጨት የሚጭኑት ሰዎች አንዴ አዩንና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

እናቱ ገልመጥ አድርገው አዩት። "አንተም ልጅ ልታመጣ ነው?"

"አዎ" አላቸው።

"ስንተኛ ክፍል ነው?"

ወደ ብረቱ በር ዞረ። "ሁለተኛ።"

"የእኔም ሁለተኛ ነው" አሉ፤ ደስ አላቸው። "ጎበዝ ነው፤ ብቻ ፈሪ ነው። ከዘገየሁበት ይጨነቃል። ለዚህ ነው ቀድሜ የምመጣው።"

"ጥሩ አደረግሽ" አላቸው።

ስልኬ ጮኸ። ሥራ አስኪያጁ ነው። ከኋላው መቶ አርባ ሁለት ሰው ፀሐይ ላይ ሲያጉረመርም ይሰማኛል።

"እህሳ? ሰውየው ተገኘ?"

ሁለቱን አየኋቸው። ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ሁለቱም ያን የብረት በር እያዩ ነው።

"ገና ነው ጌታዬ" አልኩት። "እየጠበቅነው ነው።"